ሶይቺሮ ሆንዳ፡ የባለእጁ ልጅ እና የቫልቩ ነገር

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ይዞ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይሄ ጥያቄ ይመጣበታል። ሞተሩ ጠዋት ሲረገጥ አልነሳ ይላል። ዳገት ላይ ይደክማል። አለዚያም ከላይ ከቴስታታው በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ቫልቩ መስተካከል አለበት ማለት ነው። ሰውዬው ታዲያ ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ግቢው ውስጥ ራሱ ይፍታው ወይስ ጋራዥ ወስዶ ለመካኒክ ይክፈል? ገበሬ ማኅበር ለገበሬ ማኅበር የሚዞረው የግብርና ባለሙያም፣ ሰው አፈናጦ በማድረስ የሚተዳደረው ወጣትም በየተራቸው የሚጠይቁት ነው።

ይህ በስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል የኳስ አፍቃሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሱን። ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠ ሰው አለ። በሞተር ሳይክል ውድድር ዓለምን ያስደነቀ፣ በፎርሙላ ዋን ስሙን የተከለ፣ ድርጅቱ እስከ ዛሬ የኳስ ቡድን ያለው ሰው ነው። ስሙ ሶይቺሮ ሆንዳ ይባላል። ብዙ ሰው ሆንዳ የሚለውን የኩባንያ ስም ብቻ ይመስለዋል፤ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ የኖረ አንድ ሰው እንደነበረ ግን ይረሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶይቺሮ የተወለደው ኖቬምበር 17 ቀን 1906 በጃፓን ሃማማትሱ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ኮምዮ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ጊሄይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ኋላ ላይ ብስክሌት መጠገን ጀመረ። እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበረች። እዚህች ላይ የጎጃም ሰው ቆም ማለቱ አይቀርም። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩ ባለእጅ ይባላል። ሲሰሙት ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራበትን ሰው፣ ዘወር ሲል ሲሰድበው፣ ልጁን ለልጁ ሲከለክለው ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ነገሩ ስለበዛ ነው። አባት ቀጥቃጭ፣ እናት ሸማኔ! ሶይቺሮ ቢቸና ወይም ሞጣ ቢወለድ ኖሮ ከመዶሻው በፊት ስድቡን ይለምድ ነበር። ጃፓን ውስጥም ቢሆን ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ልዩነቱ ልጁ የአባቱን ሥራ ሳያፍርበት እንደ ጨዋታ ማደጉ ነው።

በመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ሲያልፍ ሕፃኑ ሶይቺሮ ከኋላ እየሮጠ ተከተለው፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የዘይቱ ሽታ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ1917 አርት ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ሃማማትሱ መጥቶ በአውሮፕላን ትርዒት ሊያሳይ ነው ሲባል ደግሞ የ10 ዓመቱ ልጅ የአባቱን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወስዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ለመግቢያ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውምና ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ። ስታዲየም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ኳስ ያየ አንባቢያችን ይሄን ልጅ ወዲያው ያውቀዋል።

በ1922 ትምህርቱን ጨርሶ ቶኪዮ ወረደና አርት ሾካይ በሚባል የመኪና ጋራዥ ተቀጠረ። ሞተር እነካለሁ ብሎ የሄደው የ15 ዓመት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት የባለቤቱን ሕፃን እያዘለ አሳለፈ። እኛ ጋ የጋራዥ ረዳት ሻይ ሲልኩት፣ ዕቃ ሲያሳጥቡት እንደሚከርመው መሆኑ ነው። ቢሆንም ልጁን አዝሎ ሲዞር ዓይኑ ከመካኒኮቹ እጅ ላይ አልተነቀለም ነበር። በ1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያፈርሳት ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ እሱ ቀረ፤ ሥራው በእጁ ገባ። በቀጣዩ ዓመት የጋራዡ ባለቤት ዩዞ ሳካኪባራ የአውሮፕላን ሞተር የተገጠመለት የእሽቅድምድም መኪና ሲሠራ ሶይቺሮ አብሮ ሠራ፤ በውድድሩም ቀን ከሾፌሩ ጎን መካኒክ ሆኖ ተቀምጦ አሸነፉ። በ1928 ባለቤቱ አምኖበት በአርት ሾካይ ስም ሃማማትሱ ላይ የራሱን ጋራዥ እንዲከፍት ፈቀደለት። ገና 21 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ያለ ይመስላል። ሰውዬው ራሱ መካኒክ ነው፤ መካኒክ ጋ ሂዱ ይላል ብለን እንጠብቃለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሆንዳ ጋራዡ ቢሞቅለትም አልረካም። በ1936 ታማጋዋ በሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ራሱ በሠራት የፎርድ መኪና ሲወዳደር ተጋጭቶ ተገለበጠ። እሱም ቆሰለ፤ አብሮት የነበረው ወንድሙ ቤንጂሮ ደግሞ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የፒስተን ቀለበት ፋብሪካ ውስጥ ገባ። ለዓመታት በእጁ የሠራ ሰው ቀለበት ምን ያቅተዋል? አቃተው። ለቶዮታ ካቀረበው ውስጥ ለፍተሻ ከተመረጡት 50 ቀለበቶች ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። እጅ ያላወቀውን ነገር ጆሮም አልሰማውም፤ ችግሩ የብረቱ ውህድ ውስጥ ነበር። ሰውዬው 30 ዓመት አልፎት፣ ሚስት አግብቶ፣ ሠራተኛ እያስተዳደረ ሃማማትሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ከልጆች ጋር ስለ ብረት ተማረ። ፈተና አልፈተንም ብሎ ዲፕሎማ ሳይሰጡት ቀሩ። ዲፕሎማው ምን ያደርግለታል? የመጣው ለቀለበቱ ነው፤ ቀለበቱንም ሠራው።

ጦርነቱ ፋብሪካውን በቦምብ፣ የ1945ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የቀረውን አፈረሰበት። የተረፈውን ለቶዮታ ቡድን በ450,000 የን ሸጦ አንድ በርሜል አልኮል ገዛና አንድ ዓመት ያህል ሲጠጣና ሲጫወት ከረመ። ሰነፈ ያሉት ብዙ ናቸው። በ1946 ግን የወታደር ሬዲዮ መብራት የሚያመነጩ ትንንሽ ሞተሮች ተጥለው አገኘ። ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። የመጀመሪያው የነዳጅ ታንክ በብርድ ጊዜ አልጋ የሚሞቅበት የፍል ውኃ ዕቃ ነበር። ባለቤቱ ሳቺ እየነዳች ሞከረችለት። ሕዝቡ መጓጓዣ አጥቶ ነበርና 500ዎቹ ሞተሮች ወዲያው አለቁ። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1948 ሆንዳ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ።

አሁን ወደ ቫልቩ እንመለስ። ያኔ የጃፓን ሞተር ሳይክል አብዛኛው ባለሁለት ምት ነበር። የባለሁለት ምት ሞተር ነዳጅ የሚያስገባውም ጭስ የሚያስወጣውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ራሱ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። የሚስተካከል ቫልቭ የለውም። ቀላል ነው፤ ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል፣ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ሆንዳ ጩኸቱንና ጭሱን አልወደደውም። በ1951 ድሪም ኢ የተባለውን ባለአራት ምት 146 ሲሲ ሞተር ሳይክል አወጣ። መሐንዲሱ ኪዮሺ ካዋሺማ ሃኮኔ የሚባለውን አስቸጋሪ ዳገት በዝናብ ሳያርፍ ወጣበት። በ1958 ደግሞ 50 ሲሲ የሆነችው ሱፐር ከብ መጣች። አስተናጋጅ ልጅ በአንድ እጁ የምግብ ትሪ ይዞ በአንድ እጁ እንዲነዳት ታስባ የተሠራች፣ ፍሪሲዮን የማይያዝባት ሞተር ናት። እስከ 2017 ድረስ ከዚህ ቤተሰብ 100 ሚሊዮን ተመርቷል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም።

ግን ዋጋ አለው። ባለአራት ምት ማለት ቫልቭ ማለት ነው። አንዱ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያስወጣል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣልና በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ትንሽ ክፍተት መተው አለበት። በብዙዎቹ ሱፐር ከብ ሞዴሎች ክፍተቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰው ፀጉር ብዙም አይሰፋም። ይህን ችግር ሆንዳ አትክልት ለሚያመላልስ ሰው፣ ለፖስታ አመላላሽ፣ ለገጠር ሐኪም ሰጠ። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የሚመች አድርጎ መሥራት ነበረበት። ክዳኑ በቀላሉ ይፈታል፤ ውስጡ አንድ ማስተካከያ ቡለንና አንድ ማጥበቂያ ዳዶ አለ። በቃ። ሞተሩ ወርዶ አይበተንም።

ዛሬ በቢቸናና በሞጣ የሚታዩት የሕንድና የቻይና ሞተሮች በአብዛኛው በዚሁ መንገድ የሚስተካከሉ ናቸው። በተለይ ብዙዎቹ የቻይና 125 ሲሲ ሞተሮች፣ ሆንዳ ጡረታ ከወጣ በኋላ ኩባንያው ጥገና ለማያገኙ አገሮች ብሎ ያወጣው የሲጂ 125 ግልባጭ ናቸው፤ የእሱ ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራው ይኸው ነው፦ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ይቀዘቅዛል። ካንዴላው ይወልቃል። ጎማው ወይም ሞተሩ በእጅ እየዞረ ፒስተኑ ከላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ ላይ፣ የቲ ምልክት ካለበት ጋር ይገጥማል። ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ የብረት ቅጠል ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ሲጎተት ትንሽ ያዝ ካደረገ ልክ ነው። ካልሆነ ዳዶው ላላ ይደረግና ቡለኑ ይዞራል። ዳዶው ሲጠብቅ ቡለኑ አብሮ እንዳይዞር በካቻቢቴ ይያዛል፤ ጠብቆ ካለቀ በኋላ እንደገና ይለካል። ብዙ ሰው የሚስተው ይቺን የመጨረሻዋን ነው።

እዚህ ላይ የኳስ ተመልካች አንድ ነገር ልብ ይበል። ቀጭ ቀጭ የሚል ቫልቭ ሰውን ያስደነግጣል፤ ዝም ያለው ግን የባሰ ነው። የላላ ቫልቭ ይጮሃል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነገር ግን አይገድልም። የጠበቀ ቫልቭ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሳይዘጋ ይቀርና እሳቱ በጎኑ ያመልጣል፤ ቫልቩ ይቃጠላል። ከዚያ ቴስታታ ማውረድ ነው። ሰፈር ውስጥ ድምፅ እናጥፋልህ እያሉ ቫልቭ የሚያጠብቁ ሰዎች ያቃጠሉት ሞተር ብዙ ነው። ግቢው ውስጥ ፊለር ጌጅ ይዞ የተቀመጠው ባለቤት በጆሮው ብቻ ከሚሠራው መካኒክ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። ክፍተቱ በማስታወቂያና በግምት አይታወቅም፤ እንደ ኦፍሳይድ መስመር ነው፣ አለ ወይም የለም። መጠኑ ደግሞ ከሞተር ሞተር ይለያያልና ከመመሪያ መጽሐፉ ይታያል እንጂ ከጎረቤት አይጠየቅም።

በበጋ አቧራው፣ በክረምት የዋልካው ጭቃ ባለበት አገር፣ ከሞጣ ወደ ጮቄ ጥግ ወይም ከቢቸና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ መካኒክ አያገኝም። ስለዚህ ይችን ሥራ ቢያውቃት ይጠቅመዋል።

ግን ሆንዳ ራሱ ሁሉን በራሴ ብሎ ነበር? ገንዘቡን አልነካም። በ1949 ታኬዎ ፉጂሳዋ የሚባል ሰው መጣና ሽያጩንና ሒሳቡን በሙሉ ተረከበ። ሆንዳ የድርጅቱን ማኅተም እንኳ ለእሱ ሰጠ። አንዱ ሞተር ቤት፣ አንዱ ሒሳብ ቤት ሆነው 24 ዓመት ሠሩ። ዛሬ ተጫዋች የሚገዛውም፣ አሰላለፍ የሚያወጣውም፣ ፕሬዚዳንቱም እኔ ነኝ የሚል የክለብ ሰው በሞላበት ዘመን ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተሩን በተመለከተ ግን እጁን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ውጤቱንም አየው። በ1954 ማን በሚባለው ደሴት ላይ የሚካሄደውን ቲቲ ውድድር አሸንፋለሁ ብሎ አወጀ። ሄዶ ሲያይ የአውሮፓውያኑ ሞተሮች ጉልበት ከራሱ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አፍሮ አልተመለሰም፤ ዕቃ ገዝቶ ተመለሰ። በ1959 ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ ናዎሚ ታኒጉቺ በ125 ሲሲ 6ኛ ወጣ፣ የቡድን ሽልማቱንም ወሰዱ። በ1961 ማይክ ሄይልውድ በ125ም በ250ም አሸነፈ፤ በሁለቱም ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለው በሙሉ ሆንዳ ሆነ። በ1966 የወጣው 250 ሲሲ ሞተር 6 ሲሊንደርና 24 ቫልቭ ነበረው፤ በደቂቃ 18,000 ዙር ያህል ይዞራል። በዚያ ዓመት ኩባንያው ከ50 እስከ 500 ሲሲ ባሉት 5 ምድቦች ሁሉ የአምራቾችን ሻምፒዮንነት ወሰደ። አንድ ክለብ በአንድ ዓመት ሁሉንም ዋንጫ ጠርጎ እንደመውሰድ ነው።

በፎርሙላ ዋንም በ1965 ሪቺ ጊንተር ሜክሲኮ ላይ የመጀመሪያውን ድል አመጣለት። ከዚያ መጥፎው ነገር መጣ። ሆንዳ የመኪና ሞተር መቀዝቀዝ ያለበት በአየር ነው የሚል እምነት ነበረው፤ ለሞተር ሳይክል እውነት የሆነው ለመኪናም ይሆናል ብሎ አሰበ። በ1968 በአየር የሚቀዘቅዘው አርኤ 302 ተሠራ። የቡድኑ ዋና ሾፌር ጆን ሰርቲስ ሞክሮት ለውድድር አልበቃም ብሎ ሊነዳው አልፈቀደም። ጁላይ 7 ቀን ሩዋን ላይ በተካሄደው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ፈረንሳዊው ጆ ሽሌሰር ይዞት ገባ። ዝናብ ነበር። በ3ኛው ዙር ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ፤ ማግኒዚየም ያለበት አካሉ በእሳት ተያያዘ፤ ሽሌሰር እዚያው ሞተ። በዓመቱ መጨረሻ ሆንዳ ከፎርሙላ ዋን ወጣ።

ሰውዬው ይህም ሆኖ ወዲያው አልተመለሰም። ለመንገድ መኪናም አየር ይሁን አለ። ወጣት መሐንዲሶቹ በአየር ጭሱን ማጽዳት አንችልም እያሉ ተከራከሩ፤ አለቃውን ደፍሮ የሚያሸንፈው ግን ጠፋ። በመጨረሻ ፉጂሳዋ ጋ ሄዱ። ፉጂሳዋም ለ20 ዓመት በሞተር ሥራ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ፕሬዚዳንት መሆን ትፈልጋለህ ወይስ መሐንዲስ የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ አቀረበለት። ሆንዳ ፕሬዚዳንትነቱን መረጠ፤ በውኃ የሚቀዘቅዘውም ተፈቀደ። ከዚያ የወጣው ሲቪሲሲ የተባለው ሞተር በ1970ዎቹ አሜሪካ ያወጣችውን ጥብቅ የጭስ ሕግ አለፈ። በዓለም ላይ ካሉት የሞተር እጆች ሁሉ ምርጥ የነበረው እጅ ከሞተሩ ላይ ተነሳ፤ ሞተሩም ተሻለ። በ1973 ሁለቱም በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ።

የሞጣው ሰውዬም ድንበሩ እዚህ አካባቢ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቡለንና ዳዶ ያለውን፣ በፊለር ጌጅ የሚለካውን በራሱ ግቢ ይሥራ፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያሳየው። ካስተካከለው በኋላ በጥቂት ቀን መልሶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ካንዴላው ወልቆ ሲረገጥ ግፊት ከሌለው፣ ወይም ሞተሩ በቡለን ሳይሆን በመጠን በሚለያዩ የብረት ቁርጥራጮች የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ እጁን አንስቶ ጋራዥ ይሂድ። ያን ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ኪሳራ አይደለም።

የኳሱን ነገር ቃል ገብተን ነበር። የኩባንያው ቡድን ሆንዳ ኤፍሲ በ1971 ሃማማትሱ ላይ ተመሠረተ። ጄ ሊግ ሳይገባ፣ በሠራተኛ ቡድንነቱ ጄኤፍኤል በሚባለው ሊግ ውስጥ ዋንጫ እየደራረበ ወደ ላይ የሚያልፉትን ሲፈትን ኖሯል። ከተፎካካሪው ከያማሃ ፋብሪካ ቡድን የወጣው ጁቢሎ ኢዋታ ግን ዱንጋንና ስኪላቺን አስፈርሞ፣ በ1999 የእስያ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነ። ኢዋታ ማለት በ1945 የሆንዳ ፋብሪካ የፈረሰበት ከተማ ነው። ሁለቱ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው።

ሆንዳ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጃፓንን እየዞረ በኩባንያው ሥር ያሉትን ሠራተኞችና የጥገና ቤቶች ሁሉ አመሰገነ። አንድ ቦታ አንድ መካኒክ እጁን ሊዘረጋ ካለ በኋላ ዘይት መሆኑን አይቶ ሊታጠብ ወደ ኋላ ሲል፣ ሽማግሌው ያንኑ የቆሸሸ እጅ ያዘና ጨበጠ፤ ከዚያ የራሱን እጅ አሸተተ። ያቺ ከመንደሩ መንገድ ላይ የነበረችው ሽታ መሆኗ ነው።

ኦገስት 5 ቀን 1991 በ84 ዓመቱ ሞተ። መኪና የሚሠራ ሰው ቀብሩ መንገድ መዝጋት የለበትም ብሎ ስለነበር ኩባንያው ትልቅ ቀብር አላደረገለትም። በሳምንቱ ማለቂያ፣ ኦገስት 11፣ በሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ አይርተን ሴና ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ በሆንዳ ሞተር በሚሠራው ማክላረን ውስጥ ገባ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየመራ አንደኛ ወጣ።